ሹት ያደረገ ተጫዋች ወዴት ይሩጥ? ወደ ሪባውንድ ወይስ ወደ ኋላ?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል፡፡ በቅርጫት ኳስ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ሹት ካደረገ በኋላ ምን ማድረግ አለበት? የራሱን ኳስ ተከትሎ ወደ ቀለበቱ ይግባና ሪባውንድ ይሻማ? ወይስ ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች ዞር ብሎ ወደ ራሱ ሜዳ ይመለስ? ጥያቄው የአንድ ሴኮንድ ጥያቄ ነው፡፡ እኔ ግን በዚህች አንድ ሴኮንድ ምክንያት አንድ ግጥሚያ ተሸንፌባታለሁ፣ ከአንድ የቅርብ ጓደኛዬ ጋር ለወራት ያህል በቅጡ ሳንነጋገር ቆይተናል፣ በኋላም ለአንዲት ተማሪ የተሳሳተ ትምህርት ሰጥቼባታለሁ፡፡ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ሞክሬ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ወደድኩ፡፡

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው፡፡ የዲፓርትመንቶች የእርስ በእርስ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ደርሰናል፡፡ ያው የግቢያችንን ሜዳ ታውቁታላችሁ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ቀለበቱ መረብ የለውም፣ ሰሌዳው ደግሞ ኳስ ሲነካው እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፡፡ ሊጠናቀቅ አሥር ሴኮንድ ገደማ ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር፡፡ ኳሷ በቀኝ በኩል ከመስመር ውጪ ለቆምኩት ለኔ ደረሰች፡፡ የማጥቂያ ሰዓታችን እያለቀ ስለነበር ወረወርኩ፡፡ ከእጄ እንደወጣች አጭር እንደሆነች ታወቀኝ፡፡

በዚያች ቅጽበት ያደረግሁት ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የተማርኩትን ነው፡፡ የስፖርት መምህራችን ሁልጊዜ "ኳስህን ተከተል! የወረወርካትን ቆመህ አትመልከት!" ይለን ነበር፡፡ እኔም ተከተልኳት፡፡ በጣቴ ጫፍ ነካኋት፤ አልያዝኳትም፡፡ የእነሱ ሴንተር ያዛት፡፡ ቀና ብዬ ሳይ እኔን ሲጠብቀኝ የነበረው ልጅ አጠገቤ የለም፡፡ ኳሴን ለመከልከል ከዘለለ በኋላ ሩጫውን አላቆመም፤ በዚያው ወደ እኛ ቀለበት ሄዷል፡፡ አንድ ረጅም ፓስ፣ አንድ ሌይ አፕ፡፡ በቃ፡፡ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን፡፡

ማታ ዶርም ውስጥ ሴንተራችን የሆነው ጓደኛዬ ፊት ለፊት ተናገረኝ፡፡ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ" አለኝ፡፡ እየመራን እያለ ሪባውንድ ምን ያደርግልሃል ነው ነገሩ፡፡ እኔም ንዴት ላይ ስለነበርኩ "ሪባውንድ መያዝ የማን ሥራ ነው? የሴንተር አይደለም እንዴ?" ብዬ መለስኩለት፡፡ ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታችን ቀዘቀዘ፡፡

ጓደኛዬ ትክክል ነበር? መምህሬስ ተሳስቶ ነበር? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች የሚሉትን በሥርዓት ማየት ያስፈልጋል፡፡

"ኳስህን ተከተል" የሚለው ምክር ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው ቅርጫት ኳስን እ.ኤ.አ. በ1891 የጀመረው ጄምስ ናይስሚዝ ሲሆን ቦታውም በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው፡፡ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሩቅ የሚወረወር ኳስም ሆነ ከቅርብ የሚወረወር ኳስ እኩል ነጥብ ነበር የሚያስገኘው፡፡ ስለዚህ ማንም ጤነኛ አሰልጣኝ ተጫዋቹ ከቅርብ እንዲወረውር ነው የሚፈልገው፡፡ ከቅርብ የተወረወረ ኳስ ሲስት ደግሞ የሚወድቀው በአብዛኛው እዚያው ቀለበቱ ሥር ነው፡፡ ወርዋሪውም ሁለት ሦስት እርምጃ ቢራመድ ይደርስባታል፡፡

ከዚህም በላይ ወርዋሪው ሌላ ማንም የሌለው አንድ ጥቅም አለው፡፡ ኳሷ ወዴት እንደምታዘነብል ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፡፡ አጠረች፣ ረዘመች፣ ወደ ግራ ሄደች የሚለውን ጣቱ ይነግረዋል፡፡ ለዚህ ከታሪክ የሚጠቀሰው ትልቁ ምሳሌ የቦስተን ሴልቲክሱ ላሪ በርድ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1981 ከሂዩስተን ሮኬትስ ጋር በተደረገው የኤን ቢ ኤ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ በርድ ከቀኝ በኩል ወረወረ፡፡ እንደምትስት ስለገባው ወዲያው ወደፊት ሮጠ፤ የራሱን ሪባውንድ አየር ላይ እያለ ያዘ፤ ከሜዳው ወደ ውጪ እየወጣ ስለነበር ኳሷን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ አዙሮ አስገባት፡፡ ቦስተን ያንን ጨዋታ 98 ለ 95 አሸነፈ፡፡ "ኳስህን ተከተል" ለሚሉ አሰልጣኞች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፡፡

የሪባውንድ ጥቅም ቀላል አይደለም፡፡ ዲን ኦሊቨር የተባለው የቅርጫት ኳስ ስታቲስቲክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው መጽሐፉ ማሸነፍን የሚወስኑ አራት ነገሮችን ለይቶ ነበር፡፡ እነሱም የሹት ጥራት፣ ኳስ አለማባከን፣ ሪባውንድ እና የቅጣት ምት ናቸው፡፡ በእሱ ግምት ሹት ከመቶ 40፣ ኳስ አለማባከን 25፣ ሪባውንድ 20፣ የቅጣት ምት 15 ክብደት አላቸው፡፡ ሪባውንድ እንግዲህ ከድሉ አንድ አምስተኛውን ይዟል ማለት ነው፡፡

"ተመለስ" የሚለውስ?

ነገሩን የቀየረው የሶስት ነጥብ መስመር ነው፡፡ ኤን ቢ ኤ መስመሩን ያስገባው በ1979-80 የውድድር ዘመን ሲሆን ፊባ ደግሞ በ1984 በ6.25 ሜትር ርቀት ላይ አሰመረው፡፡ በ2010 ወደ 6.75 ሜትር ራቀ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፡፡ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የኤን ቢ ኤ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ሦስት ያህል እንኳን የሶስት ነጥብ ሙከራ አያደርግም ነበር፡፡ በ2020ዎቹ ግን ቁጥሩ ከ34 በላይ ሆኗል፡፡ ስለዚህ የዛሬ ሹተር ከቀለበቱ ሁለትና ሦስት እርምጃ ሳይሆን ሰባት ሜትር ገደማ ርቆ ነው የሚቆመው፡፡

ይህ ምን ለውጥ ያመጣል? እስቲ በሴኮንድ እንመልከተው፡፡ ከሶስት ነጥብ መስመር የተወረወረች ኳስ ቀለበቱ ጋ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ይበቃታል፡፡ ወርዋሪው ግን ዘልሎ ወርውሮ ገና መሬት እየነካ ነው፡፡ ሚዛኑን አስተካክሎ ሰባት ሜትር ሮጦ፣ ቦክስ አውት ያደረጉትን ሰዎች ዞሮ፣ ከሴንተሮች ጋር እኩል ሊዘል አይችልም፡፡ ማለትም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው፡፡ ከኋላ ስለሚመጣም ሲዘል የሰው ጀርባ ላይ ይወጣና ፋውል ይነፋበታል፡፡

በሌላ በኩል የሜዳው ርዝመት 28 ሜትር ነው፡፡ ፈጣን ተጫዋች ይህን በአራት ሴኮንድ ገደማ ይጨርሰዋል፡፡ ሪባውንድ ፍለጋ ገብቶ የቀረ ሰው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ እየሮጠ ስለነበር መጀመሪያ መቆም፣ ከዚያ መዞር፣ ከዚያ ፍጥነት መሰብሰብ አለበት፡፡ በባዮሜካኒክስ ክፍል ስለ ኢነርሺያ የተማርነው እዚህ ጋ ነው የሚሠራው፡፡ ያቺ የመቆሚያና የመዞሪያ ጊዜ ለፋስት ብሬክ ትበቃለች፡፡

ይህን አጥብቀው ከያዙት መካከል ሳን አንቶኒዮ ስፐርስን ከ1996 እስከ 2025 ያሰለጠነው ግሬግ ፖፖቪች ይጠቀሳል፡፡ ቡድኑ ለኦፌንሲቭ ሪባውንድ ከመጓጓት ይልቅ ቶሎ ተመልሶ መከላከያውን በማደራጀት የታወቀ ነበር፤ በእሱ ዘመንም አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፡፡ ሌሎችም ተከተሉት፡፡ በ1980ዎቹ በኤን ቢ ኤ አጥቂው ቡድን ከሳታቸው ኳሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉን መልሶ ይይዝ ነበር፡፡ በ2010ሮቹ መጨረሻ ይህ ከአንድ አራተኛ በታች ወርዷል፡፡ ይህ የሆነው ተጫዋቾቹ መዝለል ስላቃታቸው አይደለም፤ አሰልጣኞቹ "ተመለሱ" ስላሉ፣ ሹቶቹም ስለራቁ ነው፡፡

የኔ ሁለተኛ ስህተት

ከዚያ ሽንፈት በኋላ እኔ ሙሉ በሙሉ የ"ተመለስ" ወገን ሆንኩ፡፡ ሦስተኛ ዓመት ላይ ለማስተማር ልምምድ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ፡፡ የሴቶቹን የቅርጫት ኳስ ቡድን እንዳግዝ ተነገረኝ፡፡ ከልጆቹ መካከል አንዲት ቀጭን፣ ብዙ የማታወራ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረች፡፡ ሹቷ ደህና ነው፤ የሚገርመው ግን ሪባውንዷ ነው፡፡ ከቁመቷ በላይ ትይዛለች፡፡ ቅርብ ሆና ትወረውራለች፣ ትስታለች፣ መልሳ ትይዛለች፣ ታስገባለች፡፡

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ወደኔ መጥታ "ቲቸር፣ ሹት ካደረግኩ በኋላ ልግባ ወይስ ልመለስ?" አለችኝ፡፡ እኔም ሳላስብ "ተመለሽ፡፡ ሁልጊዜ ተመለሽ" አልኳት፡፡ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፡፡ አስተማሪ ነኛ፡፡ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ግጥሚያዎች ልጅቷ በታዛዥነት እየወረወረች ወደ ኋላ ትሮጥ ነበር፡፡ ከቀለበቱ ሁለት ሜትር ላይ ሆና ወርውራ እንኳን ትመለስ ነበር! ኳሷ እዚያው የነበረችበት ቦታ ላይ ትወድቃለች፣ የሚይዛት የለም፡፡ ሁለቱንም ተሸነፍን፡፡ ልጅቷ ከጨዋታው በኋላ ጫማዋን እየፈታች "እኔ ምንም አልጠቀምኩም" ስትል ሰማኋት፡፡

ያን ዕለት ማታ ነው የገባኝ፡፡ ያስተማርኳት ቅርጫት ኳስ አልነበረም፤ የራሴን ፍርሃት ነበር፡፡ ከአንድ ሽንፈት የወጣ ሕግ አውጥቼ በሰው ልጅ ላይ ጫንኩት፡፡ በሚቀጥለው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ፡፡

ሂሳቡ ምን ይላል?

ጥያቄው "መግባት ይሻላል ወይስ መመለስ" ሳይሆን "ወርዋሪው ቢገባ ምን ያህል እናተርፋለን፣ ምን ያህልስ እንከፍላለን" መሆን አለበት፡፡ የሚቀጥሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ እኔ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ከጥናት የተገኙ አይደሉም፡፡ መንገዱን ለማሳየት ግን ይበቃሉ፡፡

አንድ የማጥቃት ዕድል በአማካይ አንድ ነጥብ ያስገኛል እንበል፡፡ ተጋጣሚው በፋስት ብሬክ ሲመጣ ግን መከላከያው ስላልተደራጀ 1.4 ነጥብ ያገኛል እንበል፡፡ ስለዚህ እያንዳንዱ የምንፈቅደው ፋስት ብሬክ 0.4 ነጥብ ያስከፍለናል፡፡ ሙሉውን 1.4 አይደለም፤ ምክንያቱም ብንመለስም ተጋጣሚው በተራው ያጠቃል፡፡ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፡፡

አሁን ሁለት ወርዋሪዎችን እናወዳድር፡፡ የመጀመሪያዋ ከቀለበቱ ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ ሆና የምትወረውር ናት፡፡ ከሳተቻቸው መቶ ኳሶች ሁሉንም ተከትላ ብትገባ ቡድኑ ስድስት ተጨማሪ ሪባውንድ ያገኛል፣ ስምንት ተጨማሪ ፋስት ብሬክ ይፈቅዳል እንበል፡፡ ትርፉ 6 ነጥብ ነው፡፡ ኪሳራው 8 ሲባዛ በ0.4፣ ማለትም 3.2 ነጥብ ነው፡፡ መግባቷ ያዋጣል፡፡

ሁለተኛው ከሶስት ነጥብ መስመር ውጪ፣ ከቀለበቱ ፊት ለፊት የሚወረውር ነው፡፡ እሱ ቢገባ ሩቅ ስለሆነ የሚያገኘው ሁለት ተጨማሪ ሪባውንድ ብቻ ነው፡፡ መሀሉን ባዶ ጥሎ ስለሚሄድ ግን 15 ተጨማሪ ፋስት ብሬክ ይፈቅዳል እንበል፡፡ ትርፉ 2 ነጥብ፣ ኪሳራው 6 ነጥብ፡፡ መግባቱ አያዋጣም፡፡

እንግዲህ ያው ጨዋታ፣ ያው ሕግ፣ ሁለት የተለያየ መልስ፡፡ መምህሬም አልተሳሳተም፣ ጓደኛዬም አልተሳሳተም፤ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ወርዋሪዎች ነበር፡፡ ይህ ጥያቄ ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም፡፡ በ2013 የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ጣሪያ ላይ በተሰቀሉ ካሜራዎች የተመዘገበውን የተጫዋቾች እንቅስቃሴ ወስደው፣ ወደ ሪባውንድ መግባትና የመመለስ መከላከል እንዴት እንደሚነካኩ መርምረው ቦስተን ላይ በሚካሄደው የስሎን የስፖርት አናሊቲክስ ጉባኤ አቅርበዋል፡፡ አሰልጣኞቹም ቢሆኑ ሐሳባቸውን እንደገና እያዩት ነው፡፡ በ2020ዎቹ በኤን ቢ ኤ የኦፌንሲቭ ሪባውንድ ድርሻ ቀስ በቀስ መልሶ ከፍ ብሏል፡፡ በ2024-25 ሂዩስተን ሮኬትስ ስቲቨን አዳምስን የመሰሉ ግዙፍ ተጫዋቾች ይዞ በዚህ ሊጉን መርቷል፡፡

ታዲያ ወርዋሪው በምን ይወስን?

ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ ስሞክረው የተረዳሁት ወርዋሪው አራት ነገሮችን ማየት እንዳለበት ነው፡፡

አንደኛ፣ የት ቆሜ ነው የወረወርኩት? ቅርብ ከሆንክ ግባ፡፡ ሩቅና ፊት ለፊት ከሆንክ ተመለስ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ለራስህ ቀለበት የቀረብከው አንተ ነህ፡፡ ጥግ ላይ ከሆንክ ደግሞ ነገሩ ይለያል፡፡ ከጥግ የተወረወረች ኳስ ስትስት ብዙውን ጊዜ የምትወጣው በተቃራኒው በኩል ነው፡፡ ስለዚህ ጥግ ላይ ያለ ወርዋሪ ኳሷን ተከትሎ ቢገባ ኳሷ ከሱ እየራቀች ነው የምትሄደው፡፡ በዚያ በኩል መግባት ያለበት ማዶ ያለው የቡድን ጓደኛው ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ሲጠብቀኝ የነበረው ሰው የት ሄደ? ይህ ነው እኔን የጣለኝ፡፡ ሊከለክልህ የዘለለው ሰው ካረፈ በኋላ ዞሮ ቦክስ አውት ካደረገህ እሱም አልሸሸም፤ መሻማት ትችላለህ፡፡ አልፎህ ከሮጠ ግን ፋስት ብሬኩ ተጀምሯል ማለት ነው፡፡ ያን ጊዜ ኳሷን እርሳት፤ ሰውየውን ተከተል፡፡

ሦስተኛ፣ ከኋላ ማን አለ? ሹት ከመደረጉ በፊት አምስቱም ተጫዋቾች ይህን ማወቅ አለባቸው፡፡ በብዙ ቡድኖች የተለመደው አከፋፈል ሦስት ሰዎች ቀለበቱን በሦስት ማዕዘን ከበው ይሻማሉ፣ አንድ ሰው የቅጣት መወርወሪያው መስመር አካባቢ ሆኖ ረዘም ብለው የሚነጥሩትን ይጠብቃል፣ አንድ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል የሚል ነው፡፡ ወርዋሪው ጋርድ ከሆነ እሱ የሚመለሰውን ቦታ ይይዛል፡፡ ወርዋሪዋ ሴንተር ከሆነች ደግሞ እሷ ትሻማለች፣ ጋርዷ ትመለሳለች፡፡

አራተኛ፣ ነጥቡና ሰዓቱ ምን ይላሉ? እየመራህ ጥቂት ሴኮንድ ከቀረ ቀላል ጎል አለመስጠት ከሁሉም ይበልጣል፤ ተመለስ፡፡ እየተመራህ ሰዓቱ ካለቀ ደግሞ የሚጠብቁት ነገር የለም፤ ግባ፡፡

ለዚህ ለመጨረሻው በ2013 የተካሄደውን የኤን ቢ ኤ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ማስታወስ ይበቃል፡፡ ሳን አንቶኒዮ 95 ለ 92 እየመራ ነው፡፡ ይህን ጨዋታ ቢያሸንፍ ዋንጫው የእሱ ነው፡፡ የማያሚው ሌብሮን ጄምስ የሶስት ነጥብ ኳስ ወርውሮ ሳተ፡፡ ክሪስ ቦሽ ዘልሎ ሪባውንዱን ያዘ፡፡ በዚያች ቅጽበት የስፐርሱ ረጅም ሰው ቲም ዳንካን ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ተቀምጧል፡፡ ሬይ አለን ቀለበቱ አካባቢ ነበር፡፡ ሁሉም ወደ ኳሷ ሲያንጋጥጥ አለን ግን አልተሻማም፣ ወደ ራሱ ሜዳም አልሮጠም፡፡ ፊቱን ወደ ቦሽ እንዳደረገ ወደ ኋላ እየተራመደ በቀኝ በኩል ካለው ጥግ ከመስመሩ ውጪ ደረሰ፡፡ ቦሽ አቀበለው፣ ወረወረ፣ ገባ፡፡ 95 እኩል፣ 5.2 ሴኮንድ ሲቀር፡፡ ማያሚ በጭማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ፤ ሰባተኛውንም አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፡፡

ከዚህ ጨዋታ ሁለት ነገር እንማራለን፡፡ አንደኛው፣ እየተመራህ ከሆነ አንድ ሪባውንድ ዋንጫ ሊሆን ይችላል፡፡ ሁለተኛው፣ ከመግባትና ከመመለስ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ፡፡ ጥሩ ሹተር የቡድን ጓደኛው ሪባውንድ ቢይዝ ወዲያው ሊያቀብለው የሚችልበት ቦታ ላይ መገኘት ይችላል፡፡ ሪባውንድ በተያዘበት ቅጽበት መከላከያው ወደ ቀለበቱ ተሰብስቦ ስለሚሆን ውጪ ያለው ሰው ነጻ ነው፡፡

ስለ ልምምድ አንድ ነገር

አንዳንዶቻችን ሪባውንድ የቁመት ጉዳይ ይመስለናል፡፡ ዴኒስ ሮድማን ከ1992 እስከ 1998 ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ኤን ቢ ኤን በሪባውንድ መርቷል፤ ቁመቱ ግን 2.01 ሜትር ነበር፣ ለሪባውንድ ተሻሚ በዚያ ሊግ ረጅም የሚባል አይደለም፡፡ እሱ ራሱ በ2020 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ እንደተናገረው፣ ጓደኞቹን ሌሊት ጂም ወስዶ ከተለያየ አቅጣጫ እንዲወረውሩ እያደረገ ኳሷ ከየት ተነስታ ወዴት እንደምትነጥር ያጠና ነበር፡፡ ለኛ ይህ በጣም ቀላል ልምምድ ነው፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ በተለይ ቀለበታችን ጠንካራና መረብ አልባ ስለሆነ ኳሷ ከለመድነው በላይ ርቃ ትነጥራለች፡፡ የራሳችንን ቀለበት ማጥናት የኛ ሥራ ነው፡፡

ማጠቃለያ

ወደ ልጅቷ ልመለስ፡፡ በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ላይ ጠርቼ "ባለፈው የነገርኩሽ ስህተት ነበር" አልኳት፡፡ አስተማሪ ተሳሳትኩ ሲል ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ዝም ብላ አየችኝ፡፡ "ከዚህ መስመር ውስጥ ሆነሽ ከወረወርሽ ግቢ፤ ከዚህ ውጪ ከወረወርሽ ተመለሽ፡፡ የምትጠብቅሽ ልጅ አልፋሽ ከሮጠች ግን የትም ሁኚ የት ተከተያት" አልኳትና በኖራ መሬት ላይ አሰመርኩላት፡፡ ከዚያ ጋርዷን ጠርቼ "እሷ ስትገባ አንቺ ነሽ የምትመለሺው" አልኳት፡፡ በቀሪዎቹ ጨዋታዎች ሁሉንም አላሸነፍንም፡፡ ልጅቷ ግን እንደ ድሮዋ መግባት ጀመረች፡፡ ስትመለስም ለምን እንደምትመለስ ታውቅ ነበር፡፡

ከሴንተሩ ጓደኛዬም ጋር ታርቀናል፡፡ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ረቂቁን አሳየሁትና ያችን የመጨረሻ አሥር ሴኮንድ በወረቀት ላይ አብረን ሣልናት፡፡ እኔ ኳሴን ተከትዬ ገብቻለሁ፡፡ እሱ ቀለበት ሥር ነው፡፡ ሁለቱ ፎርዋርዶቻችንም ገብተዋል፡፡ ለኔ ፓስ የሰጠኝ ጋርዳችንም ቢሆን "ኳሷ ከረዘመች" ብሎ ገብቶ ነበር፡፡ አምስታችንም! ከኋላ የቀረ አንድ ሰው አልነበረም፡፡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና ማታ ዶርም ውስጥ ተጯጯህን እንጂ ሜዳ ላይ "ማን ይመለሳል?" ብሎ የጠየቀ ማንም የለም፡፡ ጓደኛዬ ሥዕሉን ብዙ ሰዓት ካየ በኋላ "ስለዚህ ያንተ ብቻ አልነበረም" አለኝ፡፡ እኔም "ያንተም አልነበረም" አልኩት፡፡

እንግዲህ የኔ መልስ ይህ ነው፡፡ ቅርብ ያለ ወርዋሪ ይከተል፣ ሩቅ ያለ ይመለስ፣ ጠባቂው የሸሸበት ሰውየውን ያሳድድ፤ ከሁሉም በፊት ግን ኳሷ ከእጅ ሳትወጣ ማን እንደሚመለስ ይታወቅ፡፡ የተለየ ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ በአሰልጣኝነት የቆያችሁ መምህራን፣ በሚቀጥለው እትም ብታርሙኝ ደስ ይለኛል፡፡ የዘንድሮው የዲፓርትመንቶች ውድድር ሲጀመር ደግሞ ሜዳ ላይ እንገናኝ፡፡

ቸር ይግጠመን!